ሥራው ሳያልቅ ሲመሽ

ጥያቄ፦ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። የባንክ ሠራተኛ፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ቤት ስገባ ማታ አንድ ሰዓት ይሆናል። የልጆቹ ጥናት፣ እራት፣ ልብስ፣ ውሃ በሚመጣበት ቀን ደግሞ በርሜል መሙላት አለ። ሁሌም የሆነ ነገር ሳልጨርስ ነው የምተኛው። «ዩኒፎርሙ አልተተኮሰም፣ ሊጡ አልተቦካም» እያልኩ ስገላበጥ አመሻለሁ። ባለቤቴ «ተይው፣ ይደር» ሲለኝ እበሳጫለሁ፤ እንጣላለን። ሰነፍ ሆኜ ነው ወይስ አሞኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ሰነፍ ሰው ሌሊት ስለ ዩኒፎርም እያሰበ አይገላበጥም። ይህንን እዚሁ እንተወው።

የዘረዘርሻቸውን ሥራዎች ደግሜ አየኋቸው። አንዱም አልቆ የሚቀር አይደለም። የታጠበው ይቆሽሻል፣ የተቀዳው ውሃ ያልቃል። ባንክ ውስጥ የቀኑ ሒሳብ ሳይገጥም አይወጣም፤ አንቺ ቤትሽንም እንደዚያ ዘግተሽ ለመተኛት የምትሞክሪ ይመስለኛል። ቤት ግን አይዘጋም።

ለመገላበጡ የሚረዳ ቀላል ነገር አለ። በ2018 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ በታተመ አንድ ጥናት፣ 57 ወጣቶች ከመተኛታቸው በፊት ለ5 ደቂቃ እንዲጽፉ ተደረገ። ግማሾቹ የጨረሱትን፣ ግማሾቹ ገና የሚቀራቸውን ጻፉ። የሚቀራቸውን የጻፉት በአማካይ 9 ደቂቃ ያህል ቀድመው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ዘርዘር አድርገው የጻፉት ደግሞ ይበልጥ ፈጠኑ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ግን ደብተርና እስክሪብቶ ስለሆነ የሚጠይቀው መሞከሩ አይጎዳሽም። ስትጽፊ «ልብስ» ብለሽ አትለፊው። «የትንሹን ዩኒፎርም ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሻዩ እስኪፈላ» ብለሽ ጻፊ።

ጸጸቱ ሲመጣ ደግሞ ራስሽን ጠይቂ፦ በዚህ የተጎዳ ሰው አለ? ልጅሽ መድኃኒቱን ሳይወስድ ተኝቶ ከሆነ፣ አዎ፣ ተነሺ። ሳህን ሳይታጠብ ቢያድር ግን ማን ተጎዳ? ያን ሰዓት ብዙዎቻችን የምንሰማው ልጆች ሆነን የተነገረንን ነው፦ «ሴት ልጅ ቤቷ ተዝረክርኮ አትተኛም።» እንዲህ ያሉሽ ሰዎች ምናልባት ቤት ይውሉ ነበር። አንቺ የገባሽው ግን ማታ አንድ ሰዓት ነው!

ታምሜ ይሆን ላልሽው፣ ከደብዳቤ ተነስቼ አሞሻል ወይም አላመመሽም ልልሽ አልችልም። ይሁንና እንቅልፍ ማጣቱ ላይ ደስ ይሉሽ የነበሩ ነገሮች ማስጠላት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት ወይም ምንም አልረባም የሚል ስሜት ከተጨመረና ሁለት ሳምንት ከሞላው፣ ባለሙያ በአካል ይይሽ። አማኑኤል ሆስፒታልም ሆነ በአቅራቢያሽ ያለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ መሄድ ትችያለሽ። መኖር የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣ ግን ቀን አትቁጠሪ፤ ወዲያውኑ ሂጂ።

ወደ ባለቤትሽ ልምጣ። «ይደር» ሲልሽ አስቦልሽ ይመስለኛል። የምትናደጂበትም ምክንያት ይገባኛል፤ ቢያድርም ነገ የምትሠሪው አንቺው ነሽ። በደንብ ልትነጋገሩበት የሚገባው ይህ ነው። ማታ ደክማችሁ ሳይሆን እሁድ ቡና እየጠጣችሁ አንሺው። እንዲያግዝሽ ብቻ አትጠይቂው፤ እንደዚያ ከሆነ ማስታወሱና ማዘዙ አንቺው ላይ ይቀራል። ይልቅ አንድ ሥራ ሙሉ በሙሉ አስረክቢው። ለምሳሌ ውሃውን። ፈረቃው መቼ እንደሆነ የሚከታተለው፣ ሌሊት ተነስቶ በርሜሉን የሚሞላው፣ ጀሪካኑን የሚያጥበው እሱ ይሁን። «ውሃው ከዛሬ ጀምሮ ያንተ ነው፤ እኔ አላስታውስህም» በዪው፤ በፍቅር፣ ግን በግልጽ።

መጀመሪያ አካባቢ ይረሳ ይሆናል። በርሜሉ ባዶውን የሚያድርበት ቀንም ሊመጣ ይችላል። ያን ቀን እባክሽ ተነስተሽ አትሙዪለት።