መልስ፦ ስፌት መኪናዬ ከሥር ክር እየቋጠረ አስቸገረኝ

ለፋሲካ በሐር ክር የምትሰፊው የእጅ ፈትል ቀሚስ ከሥሩ እየተቋጠረ ላስቸገረሽ፦ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የላይኛው ክር ነው፣ የታችኛው አይደለም። ሐር ክሩ ከቀሚሱ ሥር የሚጠላለፈው የላይኛው ላልቶ ስለሚወርድ ነው። ቋጠሮው ታች ስለሚታይ ግን ሁላችንም ታችኛውን እንጠረጥራለን።

1. የላይኛውን ክር ጨርሰሽ አውጪው። ጨርቅ የሚጫነውን እግር አንስተሽ እንደገና አስገቢው። እግሩ ወርዶ ከሆነ ክሩን የሚይዘው ማጥበቂያ ስለሚገጥም ክሩ መሀሉ አይገባም። የብዙ ሰው ስህተት ይኸው ነው።
2. መርፌውን ቀይሪ።
3. ከመርፌው ሥር ጨርቁን የሚገፉትን ጥርሶች የሸፈነውን ብረት ፈትተሽ ብናኙን በብሩሽ ጥረጊ። የእጅ ፈትል ብናኙ አያልቅም።

ከዚያ በቁራጭ ሞክሪው።

ለፋሲካ ካልደረሰልሽ የአንገቱንና የደረቱን መስቀል በእጅ ጥለፊው። እኔም ጎጃም፣ ሞጣ እያለሁ መኪናዬ ሲያምፅብኝ እንዲያ አድርጌ ነው የወጣሁት። እውነቱን ለመናገር ከመኪናው ይልቅ የእጁ አምሮ ነበር። ጨርቁን በክብ ማስወጠሪያ ወጥሪው። የጥልፍ ክር ብዙውን ጊዜ 6 ቀጫጭን ክር አንድ ላይ ነው፤ ለያይተሽ በ2 ወይም በ3 ሥሪ። ከክንድሽ አስረዝመሽ አትቁረጪ፣ ይቋጠርብሻል። ዳር ዳሩን በሰንሰለት ስፌት፣ መሀሉን በመስቀል ስፌት ሙዪው። ጠርዙንና ጎኑን መኪናው ሲታረቅሽ ትጨርሽዋለሽ።

አንድ ነገር ግን፦ የታችኛው ክር ማቀፊያ ላይ ያለችውን ትንሿን ብሎን አትንኪ። እኔ በንዴት አዙሬያት ወደ ቦታዋ ለመመለስ ሳምንት ፈጅቶብኛል። የግድ ከሆነ መጀመሪያ በስልክሽ ፎቶ አንሺያት፣ ከሩብ ዙር በላይም አታዙሪ።