ተርኪና የነቢያት ጾም በአንድ ማዕድ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። «ልጆቼ ታንክስጊቪንግ እናክብር ብለው መውጫ መግቢያ አሳጡኝ። እኛ ደግሞ ጾም ላይ ነን። እናንተ ቤት ምን ይሠራል? ልማዳችሁስ ምንድን ነው?» ነው ያልሽው። እኛ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ከገባን 14 ዓመት ሆነን። በዚህ በዓል ያልሠራነው ስህተት የለም፤ ረዘም አድርጌ ብመልስልሽ አትቀየሚኝ።

ከቀኑ ልጀምር። በፈረንጆቹ ከ1941ዱ ሕግ ወዲህ ይህ የአሜሪካኖች የምስጋና በዓል የኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ነው፤ ማለት ከ22 እስከ 28 ባለው ውስጥ ይውላል። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል። በፈረንጆቹ ኖቬምበር 24 ነው፤ ጳጉሜን 6 ስትሆን ደግሞ 25። አንዳንዴ እንደ 2023ቱ ኅዳር 13 ላይ ይውልልንና እፎይ ብለን ሁላችንም እንበላለን። በ2024 ግን ኅዳር 19 ነበር፣ በ2025 ደግሞ ኅዳር 18። አብዛኛውን ጊዜ ጾም ውስጥ ነው። እሑዱን ቀድመው እንደ ቅበላ አድርገው የሚያከብሩ ቤተሰቦች አውቃለሁ። እኛም አንድ ዓመት ሞክረነዋል። ሐሙስ ሲደርስ ልጆቹ «የጓደኞቻችን ቤት ዛሬ ነው» ብለው አለቀሱ፤ ሁለተኛ ድግስ ደገስኩ። ከዚያ ወዲህ ቀኑን አልነካካውም።

የመጀመሪያውን ዓመት ልንገርሽ። ባለቤቴ ከሥራ ቦታው 18 ፓውንድ ተርኪ፣ ማለት የበዓሉን ትልቅ ወፍ፣ በስጦታ ይዞ መጣ። እንደ ድንጋይ የደረቀ በረዶ ነው። እኔ ረቡዕ ማታ ከፍሪዘር አወጣሁትና ተኛሁ። ለካ ፍሪጅ ውስጥ ሆኖ ለየ4 ወይም 5 ፓውንዱ አንድ ሙሉ ቀን ይፈልጋል! ጠዋት ላይ ውጪው ለስልሷል፣ ውስጡ በረዶ ነው። አማቴ በሎሚና በጨው ሦስት ጊዜ አጠቡት። (እዚህ አገር ተርኪ አትጠቡ፣ ውኃው እየተረጨ ጀርም ያዛምታል ይላሉ። ለእሳቸው ማን ደፍሮ ይነግራቸዋል?) ከሆዱ ውስጥ አንገቱና ጉበቱ በከረጢት ታስሮ ሲወጣ፣ «እነዚህስ ብልት ማውጣት ጀምረው ነው የተዉት» አሉ። 12 ቦታ ሊያወጡት ቢላዋ ሲያነሡ ነው ባለቤቴ ደርሶ ያስጣላቸው።

ከዚያ በርበሬና ንጥር ቅቤ ለውሼ ላዩን በሙሉ ቀባሁትና 425 ፋራናይት ላይ ኦቨን ውስጥ ከተትኩት። በርበሬው በግማሽ ሰዓት ከሰል ሆነ። ቤቱ በጭስ ታፈነ፣ የእሳት ማንቂያው መጮህ ጀመረ፣ ልጆቹ በፎጣ ያራግባሉ። አማቴ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው «ኅዳር ሲታጠን እዚህም አለ እንዴ?» አሉ። የዚያን ቀን ልጆቹ እራታቸውን ፒዛ በሉ።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ቅቤውን ከበርበሬ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከትንሽ ኮረሪማ ጋር ለውሼ ከቆዳው ሥር ነው የማስገባው። ላዩን ዘይትና ጨው ብቻ። ኦቨኑ 325። በፎይል ሸፍኜው፣ ለመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ብቻ እገልጠዋለሁ። 14 ፓውንድ ከሆነ ከ3 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ዋናው ግን ቴርሞሜትሩ ነው። ጭኑ ወፍራሙ ጋ ስትወጊው 165 ማለት አለበት። ትንሹ ልጄ በርበሬ አይወድም፤ ለእሱ አንዱን ወገን ያለ በርበሬ እተውለታለሁ። ጨው የሚቀምስልኝም እሱ ነው፤ እኔ ጾመኛ ነኝ፣ አማቴም ጾመኛ ናቸው። ማንኪያ ይዞ ኮሚቴ ሰብሳቢ መስሎ ይቆማል። አንድ ጊዜ «ትንሽ ይቀረዋል» ብሎ ሦስቴ አስጨመረኝ፤ ሥጋው አልበላ አለ።

ዋናው ምክሬ ግን ተርኪው ላይ አይደለም። ሁለት ድግስ አትደግሺ። እኔ ለአምስት ዓመት ያህል ለጿሚው ሽሮና ምስር፣ ለልጆቹ የአሜሪካኑን ሁሉ ስሠራ ወገቤ ተቆረጠ። አንድ ቀን ጠረጴዛውን ሳየው ግማሹ በትንሽ ብልሃት ጾም መሆን የሚችል ነው። ስኳር ድንች በዘይት። የተፈጨ ድንች በወተት ፈንታ በነጭ ሽንኩርትና በዘይት። ክራንቤሪ የሚሉት የቀይ ፍሬ ማባያ እኮ ፍሬው፣ ስኳርና ብርቱካን ነው። እነሱ ፎሶሊያን በክሬም አብረው ይጋግሩታል፤ እኛ ከካሮት ጋር ቁሌት ውስጥ እንጥለዋለን፣ ልጆቹም የኛን ይመርጣሉ። ዱባው ደግሞ ዱባ ወጥ ይሆናል። ጎመን አለ። ስተፊንጉን (የተቀመመውን የዳቦ ቅልቅል) ወፉ ሆድ ውስጥ ሳይሆን ለብቻው በትሪ፣ በአትክልት መረቅና በዘይት ጋግሪው። ዳቦው ወተት ወይም ቅቤ እንዳይኖረው ላስቲኩን አንብቢ። ስኳር ድንቹ ላይ የሚበተነው ማርሽማሎም ጀላቲን አለበት፣ ከእንስሳ ነው። በዚህ ተይዣለሁ፤ አማቴ ሁለት ጭልፋ ከበሉ በኋላ ነው ልጄ ከትምህርት ቤት የሰማችውን የነገረችን። «ሳያውቁ ነው» ብለን አጽናናናቸው።

እንግዲህ ጾም ያልሆነው ተርኪው፣ መረቁ፣ ማክ ኤንድ ቺዙ (ማካሮኒ በቺዝ) እና የዱባ ፓዩ ብቻ ነው። እነሱን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ለብቻ አደርጋቸዋለሁ። ጭልፋቸውም የተለየ ነው። የቀረውን ሁሉም ይበላል። አማቴ ክራንቤሪውን መጀመሪያ «ማርማላታ ከምሳ ጋር?» ብለው ገፍተውት ነበር። አሁን ከአዚፋው ጎን ካልተደረገላቸው ይጠይቃሉ።

የምንቀርበው 9 ሰዓት ላይ ነው። ፈረንጆቹም ብዙዎቹ በዚያ ሰዓት ነው የሚበሉት፤ እኛን ደግሞ ከቅዳሴ መውጫ ጋር ይገጥምልናል። አማቴ ድፎውን ባርከው ይቆርሳሉ። ከዚያ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ያመጡት ልማድ አለ፤ እያንዳንዱ ሰው የሚያመሰግንበትን አንድ ነገር ይናገራል። አንድ ነገር ነው የተባለው፤ አማቴ ግን ደብረ ብርሃን ያሉ ጎረቤቶቻቸውን በየስማቸው እስኪጨርሱ ተርኪው ይቀዘቅዛል። ለዚህ ነው ፎይሉን የማላነሣው።

አንድ ዓመት ባለቤቴ በዓሉን ሥራ ገባ፤ የዕለቱ ክፍያ አንድ ተኩል እጥፍ ነበር። ልጆቹ ያለ እሱ አንጀምርም አሉ። ስልኩን ድፎው አጠገብ አስቀምጠን ስፒከር ላይ አደረግነው። መኪናውን ዳር አቁሞ፣ መስኮቱን ሲዘጋ ድምፁ ይሰማል፣ ትንሽ ዝም አለና «ትራፊክ ስለሌለ» አለ። ሳቅን። ከዚያ ወዲህ ስልክም ወንበር ይሰጠዋል። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ጋ በዚያ ሰዓት ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው። መጀመሪያ ስንደውልለት «በዚህ ሌሊት የምን ምስጋና ነው?» ብሎ ዘግቶብናል። አሁን ከዘገየን እሱ ይደውላል።

ቡናው እስከ በረካ ነው፣ ፈንዲሻው አይቀርም። ባለቤቴ የዳላስን ኳስ አያለሁ ብሎ ሶፋው ላይ እንቅልፉን ይለጥጣል። በነጋታው የተረፈው ተርኪ በሽንኩርትና በቃሪያ ለልጆቹ ጥብስ ይሆናል። ጎረቤትም በፎይል ይደርሰዋል።

ስለ መጠኑ፦ የሚበላውን ሰው ስትቆጥሪ ጿሚውን ቀንሺ፣ ለአንድ ሰው ከፓውንድ እስከ ፓውንድ ተኩል በቂ ነው። እኛ ቤት የሚበላው ባለቤቴና ሦስቱ ልጆች ስለሆኑ (እሱ ጾሙን የሚይዘው ለገና በዓል አንድ ሳምንት ሲቀር ነው) አምና ሙሉውን ትቼ ደረቱን ብቻ ገዛሁ። አማቴ ትሪውን ዞረው አዩትና «ሁሉም ፈረሰኛ ከሆነ አባወራው በምን ይከበራል?» አሉኝ።