ተሳላሚ በሚጎርፍበት ስፍራ የጥናት ማዕከል ለምን ይቋቋማል?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። በአዳማ ከተማ የታሪክ መምህር ነኝ። በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ሲቃረብ ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚጓዘው ምእመን በከተማችን በኩል ሲያልፍ ተማሪዎቼ በሌሎች ሃይማኖቶችም እንዲህ ያለ ጉዞ አለ ወይ ብለው ይጠይቁኛል። በዚህ ምክንያት ስለ ቡድሂዝም ማንበብ ጀምሬ፣ በሕንድና በኔፓል ተሳላሚዎች በሚሄዱባቸው ስፍራዎች የምርምርና የትምህርት ማዕከላት እንደተቋቋሙ ተረዳሁ። ጥናት ጸጥታ ይፈልጋል፤ ዩኒቨርሲቲውም ቤተ መጻሕፍቱም የሚበዛው በትልልቅ ከተሞች ነው። ታዲያ ሕዝብ በሚጎርፍበት ስፍራ ማዕከል ማቋቋም ምን ይጠቅማል? ለማቋቋም የሚነሡ ሰዎችስ አስቀድመው ምን ማሟላት አለባቸው?

መልስ፦ መምህር ሆይ፣ ለተማሪዎችዎ ጥያቄ ይህን ያህል መጨነቅዎ ያስመሰግንዎታል። በቡድሂዝም ትውፊት ከሁሉ ይልቅ የሚከበሩት የተሳላሚ ስፍራዎች አራት ናቸው፦ ቡድሃ የተወለደባት ሉምቢኒ፣ ወደ ብርሃን የደረሰባት ቦድ ጋያ፣ የመጀመሪያ ትምህርቱን የሰጠባት ሳርናትና ያረፈባት ኩሺናጋር። ሉምቢኒ በኔፓል ትገኛለች፤ ሦስቱ ግን በሕንድ ናቸው።

ጥቅሙን ለመረዳት ቦድ ጋያን በክረምቷ ወራት፣ ማለትም ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ ማየት ይበቃል። ቡድሃ ወደ ብርሃን በደረሰበት ስፍራ በቆመው በማሃቦዲ ቤተ መቅደስ አጠገብ ባለው ዛፍ ሥር የስሪላንካ፣ የታይላንድ፣ የምያንማር፣ የቬትናምና የጃፓን ተሳላሚዎች በየቋንቋቸውና በየዜማቸው ይጸልያሉ። ከቲቤት ወገን የሆኑት ደግሞ መሬት ላይ ባነጠፉት ሳንቃ ላይ በግምባራቸው እየተደፉና እየተነሡ ቀኑን ሙሉ ይሰግዳሉ፤ ሳንቃው ከእጅና ከጉልበት ብዛት ለስልሶ ያብረቀርቃል። አንድ ተመራማሪ እነዚህን ሁሉ ወጎች በየአገራቸው ለማየት ብዙ አገር መዞር ሲኖርበት፣ እዚህ ግን በአንድ ቅጥር ግቢ ውስጥ ያገኛቸዋል። ተሳላሚውም ቢሆን ጥያቄ ይዞ ነው የሚመጣው፤ የቆመበት ድንጋይ በማን ዘመን እንደተጠረበና የሚሰማው ጸሎት ከየትኛው መጽሐፍ እንደተወሰደ የሚያስረዳው ሰው ካጣ፣ ተሳልሞና ፎቶግራፍ ተነሥቶ ብቻ ይመለሳል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን የሳርናት ምሳሌ ነው። በሕንድ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር በጃዋሃርላል ኔህሩና በቲቤት ቡድሂስቶች መሪ በዳላይ ላማ ምክክር የተጠነሰሰውና እ.ኤ.አ. በ1967 በሳርናት የተቋቋመው የቲቤት ጥናት ተቋም፣ አገራቸውን ለቀው ለተሰደዱ የቲቤት ወጣቶች ትምህርት ከመስጠቱ ባሻገር አንድ ከባድ ሥራ ተሸክሟል። በጥንት ዘመን በሕንድ በሳንስክሪት ቋንቋ የተጻፉ ብዙ የቡድሂዝም መጻሕፍት በተወለዱበት አገር ጠፍተው፣ በቲቤትኛ ትርጉማቸው ብቻ ተርፈዋል፤ የተቋሙ ሊቃውንትም ከትርጉሙ ተነሥተው የጠፋውን የሳንስክሪት ንባብ መልሰው ለማቆም ይደክማሉ። መጽሐፈ ሄኖክና መጽሐፈ ኩፋሌ ምሉዕ ሆነው የተገኙት በግእዝ ብቻ መሆኑን ለምናውቅ ለእኛ፣ የዚህ ድካም ዋጋ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ይህ ሥራ ቡድሃ የመጀመሪያ ትምህርቱን በሰጠበት ስፍራ መሠራቱም ተገቢ ነው እላለሁ፤ የአገሬው የሳንስክሪት ሊቅና የቲቤት መነኩሴ በአንድ ገበታ ተቀምጠው ቃል በቃል የሚመክሩበት ዕድል በሌላ ቦታ በቀላሉ አይገኝም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስመጣ፣ መቅደም ያለበት የመምህሩና የተማሪው መተዳደሪያ ነው እንጂ ሕንፃው አይደለም። በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሕንድ የተመሠረተው የናላንዳ የቡድሂዝም ገዳም ስሙ እስከ ቻይና የገነነው በጡቡ ብዛት አልነበረም። በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዚያ የተማረው ቻይናዊው መነኩሴ ሹዋንዛንግ የሕይወት ታሪክ እንደሚነግረን፣ ንጉሡ የ100 ያህል መንደሮችን ግብር ለገዳሙ ሰጥቶ ነበር፤ የመንደሮቹም አባወራዎች በየቀኑ ሩዝ፣ ቅቤና ወተት ያቀርቡ ነበር። ተማሪው ስለ ዕለት ጉርሱ ሳይጨነቅ ትምህርቱን ይከታተል ነበር ማለት ነው። በእኛም አገር ለአድባራትና ለገዳማት ይሰጥ የነበረው ጉልት የቅኔውንና የመጻሕፍቱን ጉባኤ እንዴት ያቆም እንደነበር መምህር እርስዎ ያውቁታል። ስለዚህ ማዕከል ለማቋቋም የሚነሡ ሰዎች፣ ለሕንፃ ገንዘብ ከማሰባሰባቸው በፊት ቢያንስ የሁለትና የሦስት መምህራንን ደመወዝ፣ የተማሪዎችን ቀለብና የመጻሕፍት መግዣን ለረጅም ዓመታት የሚሸፍን ቋሚ ገቢ ማዘጋጀት አለባቸው። ተሳላሚው በወቅቱ መጥቶ በወቅቱ ይሄዳል፤ የግንቦት ሙቀት በቦድ ጋያ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ መንገዱ ጭር ይላል፤ ማዕከሉን ማዕከል የሚያሰኘውም በእነዚያ ወራት በሩ ክፍት ሆኖ መገኘቱ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የቦታው ጉዳይ ነው፤ በዚህ ረገድ ሉምቢኒ ጥሩ አስተማሪ ናት። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የነበሩት ኡ ታንት እ.ኤ.አ. በ1967 ከጎበኟት በኋላ ጃፓናዊው አርክቴክት ኬንዞ ታንጌ ዕቅድ እንዲያወጡላት ተደርጎ፣ ዕቅዱ በ1978 ተጠናቀቀ። በዚህ ዕቅድ መሠረት ቡድሃ ተወለደበት የሚባለው ሥፍራና የንጉሥ አሾካ ዓምድ ያሉበት ቅዱስ የአትክልት ስፍራ ከከባድ ግንባታ ነፃ ሆኖ ተከልሏል፤ የየአገሩ ገዳማት ከዚያ ወዲህ በውኃ ቦይ ግራና ቀኝ ሲሰለፉ፣ ሙዚየሙና የምርምር ተቋሙ ደግሞ ከነርሱም አልፎ በሰሜን በኩል ተቀምጠዋል። ጥንቃቄው ከንቱ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2013 ውጤቱ ይፋ በሆነ ቁፋሮ፣ ከጡቡ ቤተ መቅደስ በታች የእንጨት ግንባታ አሻራ ተገኝቷል፤ ቆፋሪዎቹም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደተሠራ ገምተዋል። በዚያ አፈር ላይ ዘመናዊ መሠረት ተቆፍሮ ቢሆን ኖሮ ይህ ምስክርነት በጠፋ ነበር።

የአስተዳደሩን ነገር አስቀድሞ በጽሑፍ መቋጨትም ግድ ነው። ማሃቦዲን የሚያስተዳድረው እ.ኤ.አ. በ1949 በወጣ ሕግ የተቋቋመ፣ አራት ቡድሂስቶችና አራት ሂንዱዎች የሚገኙበትና በአውራጃው ሹም የሚመራ ኮሚቴ ነው፤ ይህ አደረጃጀት ተገቢ ነው አይደለም የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ቦድ ጋያ የምትገኝበት የቢሃር ክፍለ ግዛት ከሕንድ ድሃ ክፍለ ግዛቶች አንዱ ነው። ከሩቅ አገር በመጣ ገንዘብ ታንጾ ለሩቅ አገር እንግዳ ብቻ የሚከፈት አዳራሽ፣ የመንደሩን ልጅ ከአጥር ውጭ ካስቀረው፣ የአካባቢው ሰው ነገ ለቅርሱ አይቆምለትም። ማታ ማታ ለመንደሩ ልጆች የሚከፈት የንባብ ክፍል ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ እኔ ብጠየቅ ከትልቁ የጉባኤ አዳራሽ በፊት እርሱን እሠራ ነበር።

ጥያቄ፦ እኔም የአዳማ ነዋሪ ነኝ። የቡድሂዝም ተከታይ ያልሆነ ሰው በእነዚህ ተቋማት መማር ይችላል?

መልስ፦ አዎን፣ ይችላሉ። ለምሳሌ በጥንቱ ናላንዳ አቅራቢያ እ.ኤ.አ. በ1951 የተቋቋመው ናቫ ናላንዳ ማሃቪሃራ የውጭ አገር ተማሪዎችን ይቀበላል። ሃሳብዎ የምር ከሆነ ጥንታውያን የቡድሂዝም መጻሕፍት የተጻፉበትን የፓሊ ቋንቋ ከወዲሁ መጀመር ይበጅዎታል። ፓሊ የራሱ ፊደል ስለሌለው በላቲንም ይጻፋል፤ ስለዚህ እንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው ሌላ ፊደል ሳይቆጥር ሰዋስዉን መማር ይችላል። ከመነሣትዎ በፊት የተማሪ ቪዛ የሚጠይቀውን ማስረጃ አዲስ አበባ ከሚገኘው የሕንድ ኤምባሲ ያጣሩ፤ ጉዞዎንም ከቻሉ ከሙቀቱ ወራት ውጭ ያድርጉት።