ትኩሳት እያለብን ለምን ይበርደናል?

ጥያቄ፦ ወባ ሲይዘኝ ሰውነቴ እንደ እሳት እየጋለ እኔን ግን ብርድ ያንዘፈዝፈኛል። ምክንያቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ ምክንያቱ ያለው ሃይፖታላመስ በተባለው የአንጎል ክፍል ነው። ይህ ክፍል የሰውነትን የሙቀት ልክ በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይጠብቃል። የወባ ተውሳክ ቀይ የደም ሕዋሳትን አፈንድቶ ሲወጣ የሰውነት መከላከያ የሚያመነጫቸው ኬሚካሎች ፕሮስታግላንዲን የተባለውን ንጥረ ነገር ያስመርታሉ፤ እሱም ይህን ልክ ለምሳሌ ወደ 39 ከፍ ያደርገዋል። በዚህ ጊዜ 38 ዲግሪ የደረሰ ሰውነት እንኳ ለሃይፖታላመስ ቀዝቃዛ ስለሆነ፣ የቆዳ ደም ሥሮች እንዲጠቡ፣ ጡንቻዎችም እንዲንቀጠቀጡ ያዛል። ፓራሲታሞል የፕሮስታግላንዲንን ምርት ስለሚቀንስ ልኩ ይወርዳል፣ ላብም ያጠምቃል። ተውሳኩን ግን አይገድልምና፣ ትኩሳቱ በረደልኝ ብለው የደም ምርመራውን እንዳይተዉት አደራ እንላለን።