የቴሌቪዥን ሥርጭት አቅምን የማካፈል ሙያ፦ ለአንዲት የኮሙኒኬሽን ምሩቅ የተሰጠ ምላሽ

ውድ ጠያቂያችን፣

በላኩልን ደብዳቤ በኤሌክትሪካል ምሕንድስና የኮሙኒኬሽን ዘርፍ ከተመረቁ በኋላ በአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ማስተር ኮንትሮል (የመጨረሻው ሥርጭት መቆጣጠሪያ) ክፍል በኦፕሬተርነት እየሠሩ መሆኑን፣ አሁን ደግሞ የበርካታ ቻናሎችን ሥርጭት አጠቃሎ ወደ ሳተላይት በሚልክ ድርጅት ለወጣ ክፍት የሥራ ቦታ ለጽሑፍ ፈተና መጠራትዎን ገልጸውልናል። ማስታወቂያው «የኢንኮዲንግና የስታቲስቲካል መልቲፕሌክሲንግ ዕውቀት» (ማለትም ምስልን መጭመቅና አንድን የማስተላለፊያ አቅም ለብዙ ቻናሎች እንደ ፍላጎታቸው እያለዋወጡ ማካፈል) የሚል መስፈርት ስላለው፣ ይህን ያህል በጠበበ ሙያ ውስጥ መግባት ያዋጣኛል ወይ፣ ለፈተናውስ ምን ላጥና ብለው ጠይቀዋል። ታላቅ ወንድምዎም ቴሌቪዥን ጊዜው እያለፈበት ስለሆነ ወደ ሞባይል ኔትወርክ ቢገቡ እንደሚሻል እንደመከሩዎት ጽፈዋል።

መልሴን አስቀድሜ ላስቀምጥ፦ ፈተናውን ይውሰዱ። ሙያው የሚጠበውም ሆነ የሚሰፋው በአማማርዎ ነው። የአንድን አምራች መሣሪያ ሜኑ በቃል ከያዙ መሣሪያው ሲቀየር ዕውቀትዎም አብሮ ያረጃል። ውስን የማስተላለፊያ አቅምን በየቅጽበቱ ፍላጎታቸው ለሚለዋወጥ ተጠቃሚዎች እንዴት ማካፈል እንደሚቻል ከመሠረቱ ከተረዱ ግን ይህ ዕውቀት በሳተላይትም፣ በሞባይልም፣ በኢንተርኔትም የሚፈለግ ነው። በ1909 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የዴንማርኩ የሒሳብ ሊቅ ኤርላንግ ስለ ስልክ ጥሪዎች ያሳተመውና እርስዎም በዩኒቨርሲቲ የተማሩት የትራፊክ ንድፈ ሐሳብ የሚነሣው ከዚሁ ጥያቄ ነው፤ ሁሉም ተጠቃሚ በአንድ ጊዜ ከፍተኛውን አቅም እንደማይፈልግ እያወቅን ለእያንዳንዱ የከፍተኛውን ያህል ለምን እንመድባለን?

ጉዳዩን በቁጥር እንመልከተው። ዲሽ ያስተካከለ ሰው ሁሉ በሪሲቨሩ ላይ 27500 የሚለውን ቁጥር አስገብቶ ያውቃል። ይህ ማለት በሰከንድ 27.5 ሚሊዮን ሲምቦል (ቢቶችን ተሸክሞ የሚላክ የሞገድ ምልክት) ነው። በዲቪቢ-ኤስ የሳተላይት ቴሌቪዥን ሥርጭት ስልት፣ በኪውፒኤስኬ ሞዱሌሽን (መረጃን በሞገድ ላይ የመጫኛ ዘዴ) እያንዳንዱ ሲምቦል 2 ቢት ይይዛል፤ የስሕተት ማረሚያው 3/4 ሲሆን (ማለትም ከአራት ቢት ሦስቱ ብቻ መረጃ ሲሆኑ)፣ በዚያ ላይ ከ204 ባይት ውስጥ ትክክለኛው ጭነት 188 ባይት ብቻ ስለሆነ፣ በመጨረሻ እጃችን ላይ የሚቀረው በሰከንድ 38 ሜጋ ቢት ገደማ ነው። ያው 27500 በኋለኛው የዲቪቢ-ኤስ2 ስልት፣ ሲምቦሉ 3 ቢት በሚይዝበት በ8ፒኤስኬ 3/4 ቢሆን ኖሮ ወደ 61 ሜጋ ቢት ይደርስ ነበር። ይህንን ስሌት ያለ ማስታወሻ በወረቀት ላይ መሥራት ይልመዱ፤ በእንዲህ ያለ ፈተና ላይ ይመጣል ብዬ ከምጠብቃቸው ጥያቄዎች የመጀመሪያው ነው።

አሁን 38 ሜጋ ቢቱን ለ10 ቻናሎች እናካፍል። ከቪዲዮው በፊት የማይነካ ወጪ አለ፤ ለእያንዳንዱ ቻናል ድምፅ 192 ኪሎ ቢት ብንመድብ ወደ 2 ሜጋ ቢት ይሄዳል፤ ሪሲቨሩ ቻናሎቹን የሚያገኝባቸው ሠንጠረዦችና የፕሮግራም መረጃዎች ሌላ ግማሽ ሜጋ ቢት ይወስዳሉ እንበል። የቀረውን እኩል ብናካፍል ለአንድ ቻናል ቪዲዮ 3.5 ሜጋ ቢት ያህል ይደርሰዋል። ይህ እኩልነት ግን ፍትሐዊ አይደለም። በስቱዲዮ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዜና የሚያነብ ሰው በኤችዲ ጥራትና በኤች.264 የቪዲዮ መጭመቂያ ስልት ሲጨመቅ ከዚያ ያነሰ ሊበቃው ሲችል፣ በዚያው ደቂቃ ሣሩና ተመልካቹ አብሮ የሚንቀሳቀስበት የእግር ኳስ ጨዋታ እጥፉን ቢሰጡትም ይርበዋል። ስታቲስቲካል መልቲፕሌክሲንግ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ ኢንኮደር (ምስሉን የሚጨምቀው መሣሪያ) የሚመጡትን ምስሎች ከመጭመቁ ጥቂት ቀደም ብሎ ይመረምርና ምን ያህል ከባድ እንደሆኑ ለተቆጣጣሪው ያሳውቃል፤ ተቆጣጣሪውም የሁሉንም አወዳድሮ በሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ ድርሻቸውን ይመድባል። በመስኖ በሚታረስበት አገራችን የውኃ አባት የማንን ማሳ ቀድሞ ማጠጣት እንደሚገባ አይቶ ቦዩን እንደሚመልሰው ማለት ነው። ምስሉን አስቀድሞ ለመመርመር ጥቂት ማቆየት ስለሚያስፈልግ ሥርጭቱ ይዘገያል፤ በቀጥታ ሥርጭት ላይ ጋዜጠኛውና ስቱዲዮው ሲነጋገሩ ይህ መዘግየት መታሰብ እንዳለበት እርስዎ ከማስተር ኮንትሮል ልምድዎ ያውቁታል።

ስልቱ ጥቅም የሚሰጠው የቻናሎቹ ቁጥር በርከት ሲልና ይዘታቸው ሲለያይ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ቻናል ብቻ ሲሆን የሚገኘው ትርፍ እምብዛም አይደለም፤ ስምንትና አሥር ሲሆኑ ግን ጥራቱ ሳይወርድ አንድ ወይም ሁለት ተጨማሪ ቻናል ሊገባ ይችላል። አንድ መሐንዲስ ፈጽሞ መዘንጋት የሌለበት የስልቱ ድካምም ከዚሁ ይመነጫል። መስከረም 16 ቀን የደመራን በዓል ከመስቀል አደባባይ በርካታ ቻናሎች በቀጥታ ሲያስተላልፉ ያስቡት። ነበልባሉ፣ ጭሱ፣ የሚወዛወዘው ሕዝብና በየእጁ የያዘው አደይ አበባ ሁሉ ለመጭመቅ እጅግ አስቸጋሪ ምስሎች ናቸው፤ ከዚህም የሚብሰው ሁሉም ቻናሎች በአንድ ጊዜ የሚያስቸግሩ መሆናቸው ነው። አንዱ ሲጠግብ ሌላው ይርበዋል የሚለው ግምት ፈርሷል፤ የሚበደር እንጂ የሚያበድር የለም። እንዲህ ባለው ሰዓት ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዳው ደግሞ ብዙዎቻችን ልብ የማንለው ነገር ነው፤ ከታች የሚንሸራተተው ጽሑፍ። የፊደሎቻችን ቀጫጭን እግሮችና ቅጥያዎች ሹል ጠርዝ ስላላቸው ቢት ሲያንስ በዙሪያቸው ትንኝ መሰል ብናኝ ይወጣል፤ «ሰ» እና «ሱ» ለመለየት እስኪያስቸግር ይደርሳል። በሥራ ላይ እያሉ ይህንን በዓይን መለየት መልመድዎ ከማንኛውም መለኪያ መሣሪያ በፊት ያገለግልዎታል።

ለቴክኒክ ሰዎች የማይዋጥ ቢሆንም የዚህ ሥራ ከባዱ ክፍል ቴክኒኩ አይደለም ብዬ አምናለሁ። ብዙዎቹ የአማርኛ ቻናሎች በኢትዮሳት መድረክ፣ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ባለው የኤንኤስኤስ-12 ሳተላይት እንደሚሠራጩ ያውቃሉ፤ በእንዲህ ያለ የጋራ መድረክ ላይ አንድን ትራንስፖንደር (በሳተላይቱ ላይ ሞገዱን ተቀብሎ መልሶ የሚያሠራጭ ክፍል) የሚጋሩት የተለያዩ ባለቤቶች ናቸው። እያንዳንዱ ለተወሰነ ቢትሬት (በሰከንድ ለሚላክ የቢት መጠን) ከፍሏል። ባልተጠቀመበት ቅጽበት የእርሱ ቢት ለጎረቤቱ ሲሰጥ ፈቅዷል ወይ? በተቆጣጣሪው ላይ ለእያንዳንዱ ቻናል ዝቅተኛ መጠን፣ ከፍተኛ መጠንና የቅድሚያ ደረጃ ይሞላል፤ እነዚህ ሦስት ቁጥሮች በውል ውስጥ በግልጽ ካልሰፈሩ የምሽቱ ሽፍት ላይ ያለው መሐንዲስ የባለቤቶችን ጭቅጭቅ ብቻውን ይሸከማል። ዝቅተኛው መጠን በጣም ከወረደ፣ ቆሞ የነበረው ምስል በድንገት ሲቀየር የመጀመሪያዎቹ ቅጽበቶች በአራት ማዕዘን ይበታተናሉ፤ በጣም ከፍ ካለ ደግሞ የሚካፈል ነገር አይተርፍም። ይህንን የንግድ ክፍሉ ኃላፊ በሚገባው ቋንቋ፣ በአንድ ገጽ መጻፍ የሚችል መሐንዲስ በየትም ቦታ ተፈላጊ ነው፤ እርስዎም ከሌሎች ተፈታኞች ተለይተው ሊታዩ የሚችሉት በዚህ ይመስለኛል።

የወንድምዎን ምክር አልንቅም። በአገራችን በዚህ ሙያ የሚቀጥሩ ድርጅቶች ጥቂት መሆናቸው እውነት ነው፤ ከአንዱ ቢወጡ ሌላ በር ለማግኘት ጊዜ ሊወስድብዎ ይችላል። ነገር ግን የሞባይል ጣቢያው ራሱ የሬዲዮ አቅሙን ለተጠቃሚዎች በየሚሊ ሰከንዱ የሚያከፋፍል የሶፍትዌር መርሐ ግብር አለው፤ በኢንተርኔት ቪዲዮ የሚያሠራጩትም ድርጅቶች በአነስተኛ ቢት የተሻለ ምስል ለማውጣት የሚደክሙት በእነዚሁ የኤች.264 እና የኤች.265 ኢንኮደሮች ነው። ስለዚህ ሥራውን ካገኙ ጎን ለጎን የአይፒ ኔትወርክን፣ በተለይ መልቲካስትን (አንድን ስትሪም በአንድ ጊዜ ለብዙ ተቀባዮች መላክን)፣ እንዲሁም ሊኑክስን አጥብቀው ይያዙ፤ የወንድምዎ ስጋት መልስ የሚያገኘው በዚህ ነው።

ለዝግጅቱ ውድ መሣሪያ አያስፈልግዎትም። ቲኤስዳክ የተባለው ነፃ ሶፍትዌርና ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ የዲቪቢ-ኤስ2 ሪሲቨር ካገኙ፣ ከቤትዎ ዲሽ ላይ የአንድን ትራንስፖንደር ሙሉ ትራንስፖርት ስትሪም ለጥቂት ደቂቃዎች ቀድተው ይመርምሩ። ስትሪሙ እያንዳንዳቸው 188 ባይት የሆኑ ፓኬቶች ድርድር ነው፤ እያንዳንዱ ፓኬት የመለያ ቁጥር አለው። ቁጥር 0 የቻናሎቹን ማውጫ ይይዛል፤ 8191 ደግሞ ባዶ ፓኬት ነው። የሳተላይቱ ሞገድ የሚጭነው መጠን የማይለዋወጥ በመሆኑ ቪዲዮው ያልሞላውን ቦታ ባዶዎቹ ፓኬቶች ይሞሉታል። የእያንዳንዱን ቪዲዮ ቢትሬት በሰከንድ ሰከንድ በሥዕል ያውጡት። መስመሮቹ ሁሉ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ከሆነ ቻናሎቹ በቋሚ ድርሻ ነው የሚሠሩት፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው የሚወርድ፣ ድምራቸው ግን የማይለወጥ ከሆነ ስታቲስቲካል መልቲፕሌክሱን በዓይንዎ አዩት ማለት ነው። ከዚህ ጋር ቲአር 101 290 የተባለውን የአውሮፓ የመለኪያ መመሪያ በተለይ የመጀመሪያውን የቅድሚያ ደረጃ ስሕተቶች ያንብቡ፤ እንዲሁም ፓኬቶች ሲደባለቁ የሰዓት ምልክቱ፣ ማለትም ፒሲአር፣ ለምን እንደገና መታረም እንዳለበት በራስዎ አነጋገር ማስረዳት ይቻሉ።

ቃለ መጠይቅ ላይ ከደረሱ እርስዎም ይጠይቁ። ኢንኮደሮቹ የተቀመጡት ወደ ሳተላይት በሚልከው የአፕሊንክ ጣቢያ ነው ወይስ በየቴሌቪዥን ጣቢያው? በየጣቢያው ከሆኑና አንድ ተቆጣጣሪ ካላገናኛቸው፣ ማስታወቂያው የሚለው ሥራ ገና አልተጀመረም ማለት ሊሆን ይችላል፤ ይህ በራሱ መጥፎ ባይሆንም የሚያስጀምሩት እርስዎ መሆንዎን አውቀው መግባት አለብዎት። ቅንብሩን የመለወጥ ሥልጣን ለሥራ ቦታው ተሰጥቷል ወይስ የሌሊት ሽፍት ላይ ስክሪን መጠበቅ ብቻ ነው? ሁለተኛው ከሆነ አሁን ከያዙት ሥራ የሚለየው በስሙ ብቻ ስለሚሆን ደመወዙ በጉልህ ካልበለጠ እንዲቀይሩ አልመክርም። የቅጥር ደብዳቤ በእጅዎ እስኪገባ ድረስም መልቀቂያ አያስገቡ፤ ሲለቁም የሥራ ልምድ ማስረጃዎ «ኦፕሬተር» ብሎ ብቻ እንዳያልፍ፣ በሥርጭት ቁጥጥርና በሲግናል ጥራት ክትትል የሠሩት ሥራ ተዘርዝሮ እንዲጻፍልዎ ከአሁኑ ኃላፊዎን ያነጋግሩ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሙያ አማካሪዎ