የጠርሙስ ክዳን አየር እንዳያስገባ፦ ከኮምቦልቻ ለቀረበው ጥያቄ መልስ

እህቴ፣ ኮምቦልቻ ላይ የሚያዘጋጁትን ድልህ በሰፊ አፍ የማርማላታ ጠርሙስ እየሞሉ ደሴ ላሉ ሱቆች እንደሚያቀርቡ፣ ክዳኑን የቻሉትን ያህል ቢያጠብቁትም ዘይቱ በጠርዙ እየወጣ የተለጠፈውን ወረቀት እንደሚያበላሽ፣ አንዳንዱም ጠርሙስ ገና ሳይከፈት ሻጋታ እንደሚያወጣ ገልጸዋል። በክዳኑ ውስጥ የመስኮት ሲልከን መቀባት ወይም በጥርሱ ላይ የቧንቧ ቴፍሎን መጠምጠም ይረዳ እንደሆነም ጠይቀዋል። ደሴ ውስጥ ማርና ድልህ እያሸግሁ መሸጥ ከጀመርሁ ዓመታት ስላለፉ፣ በሥራው ያየሁትን በዝርዝር እጽፋለሁ። ለሁለቱም ጥያቄዎችዎ መልሴ አይሆንም ነው።

የመስኮት ሲልከን ለምግብ ተብሎ የተሠራ አይደለም፤ ብዙው ዓይነት ሲደርቅ አሲድ ያወጣል፣ አንዳንዱም ሻጋታ የሚከላከል ኬሚካል ተጨምሮበታል። ቴፍሎኑ ደግሞ ጉዳት ባይኖረውም ቦታው አይደለም። በውሃ ቧንቧ ላይ ውሃ የሚይዘው ጥርሱ ስለሆነ እዚያ ቴፍሎን ተገቢ ነው፤ በጠርሙስ ላይ ግን ጥርሱ ክዳኑን ወደ ታች ከመሳብ ያለፈ ሥራ የለውም። አየር የሚዘጋው የጠርሙሱ የላይኛው ከንፈር በክዳኑ ውስጥ ያለውን ለስላሳ ቀለበት ተጭኖ ሲቀመጥ ብቻ ነው። በጥርሱ ላይ የሚጠመጠም ነገር ሁሉ ክዳኑ እስከ መጨረሻው እንዳይወርድ ስለሚያደርግ፣ ከንፈሩና ቀለበቱ ሳይገናኙ ይቀራሉ። እጅዎ ክዳኑ እንደ ጠበቀ ይሰማዋል፤ የጠበቀው ግን ጥርሱ ነው።

በዚሁ ምክንያት ጉልበት መጨመርም አይጠቅምም። የማርማላታ ጠርሙስ ክዳን በሩብ ዙር የሚዘጋ፣ ከውስጥ ጠርዙ ላይ ጥቂት ጥፍሮች ያሉት የቆርቆሮ ክዳን ነው። ከመጠን በላይ ሲጠመዘዝ ጥፍሮቹ ይጣመማሉ ወይም ጥርሱን ዘልለው ያልፋሉ፤ ያን ጊዜ ክዳኑ በአንድ ወገን ከፍ ብሎ ይቀመጣል። እስከ መቆሚያው ድረስ በእጅ ማዞር ይበቃል።

ስለ ክዳኑ በጥብቅ የማሳስብዎ ነገር አለ። ብዙዎቻችን ጠርሙሱን ከነክዳኑ ያገለገለ እንገዛለን። ጠርሙሱ በደንብ ታጥቦ ደጋግሞ ያገለግላል፤ ክዳኑ ግን እንዲህ አይደለም። በውስጡ ያለው የፕላስቲክ ቀለበት በሙቀት ሲለሰልስ የመጀመሪያውን ጠርሙስ ከንፈር ቅርጽ ይይዛል፣ ሲቀዘቅዝም በዚያው ቅርጽ ይቀራል። ያንኑ ክዳን ሌላ ጠርሙስ ላይ ሲያደርጉት የድሮው ፈለግና የአዲሱ ከንፈር አይገጥሙም። ክዳኑን ገልብጠው ቢያዩት ጥልቅ ክብ ምልክት ታትሞበት፣ ቀለበቱም ደርቆ ወይም ተሰንጥቆ ያገኙታል፤ የበርበሬው ሽታም ቢታጠብ አይለቅም። ስለዚህ ከምንም ነገር አስቀድመው አዲስ ክዳን ይግዙ። ሲገዙም የጠርሙስዎን አፍ ይለኩ፤ 63፣ 70 እና 82 ሚሊሜትር የተለመዱ ልኮች ናቸው፣ እርስ በርሳቸውም አይተካኩም። ድልህ ዘይት ስላለበት፣ ቀለበቱ ዘይት ለነካው ምግብ የሚሆን መሆኑን ሻጩን ይጠይቁ፤ ተራው ዓይነት በዘይት ይበላሻል።

ቀጥሎ ከንፈሩን ይመርምሩ። ጥፍርዎን በከንፈሩ ዙሪያ ቀስ አድርገው ያስኪዱት፤ የትም ቦታ ካደናቀፈው ያ ጠርሙስ ለማሸጊያ አይሆንም፣ ለቤት አገልግሎት ይዋል። በሚሞሉበት ጊዜም ሰፊ አፍ ያለው ማንቆርቆሪያ (ፈነል) ይጠቀሙ፣ ምክንያቱም በከንፈሩ ላይ የቀረ አንድ የበርበሬ ፍሬ ወይም የዘይት ጠብታ መንገድ ይከፍታል። ከሞሉ በኋላ ከንፈሩን በፈላ ውሃ በተነከረ ንጹሕ ጨርቅ፣ ዘይቱ ከበዛም አቼቶ በነካው ጨርቅ መጥረግ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ጉዞው ልምጣ፤ ከጥያቄዎ እንደ ተረዳሁት ብዙ ሰው የማያስበው ምክንያት እዚህ ላይ ነውና። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1850 ሜትር፣ ደሴ ደግሞ ወደ 2500 ሜትር ላይ ናቸው። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ የሐረጎን ዳገት ሲወጡ የውጭው የአየር ግፊት ከ81 ኪሎፓስካል (የግፊት መለኪያ ነው) ወደ 75 ገደማ ይወርዳል። ኮምቦልቻ ላይ በቀዝቃዛው የታሸገ ጠርሙስ ውስጡ የኮምቦልቻን አየር እንደ ያዘ ደሴ ይደርሳል፤ ስለዚህ ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋል። ስድስት ኪሎፓስካል ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን የአፉ ስፋት 60 ሚሊሜትር በሆነ ጠርሙስ ላይ 1.7 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ዕቃ ክዳኑን ከሥር ወደ ላይ እንደሚያነሣው ያህል ነው። አፉ 20 ሚሊሜትር በሆነ ጠባብ ጠርሙስ ላይ ግን ኃይሉ ከ200 ግራም ብዙም አይበልጥም። ሰፊ አፍ ያለው ጠርሙስዎ ሲያስቸግርዎ ጠባቡ የማያስቸግረው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ዘይቱ በዳገቱ ላይ ይወጣል፤ ከዚያም በደሴ ብርድ ሌሊት ውስጡ ሲቀዘቅዝ በወጣበት ቀዳዳ እርጥብ አየር ይገባል፣ ሻጋታውም አብሮ ይገባል። ሁለቱም ችግሮችዎ ከዚህ ከአንዱ ቀዳዳ የመጡ ይመስለኛል።

መፍትሔው በሙቅ መሙላት ነው። በደንብ የበሰለውን ድልህ ቢያንስ 85 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ እያለ ይሙሉ፤ ኮምቦልቻ ላይ ውሃ በ94 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ይህ የሚደረስበት ሙቀት ነው፣ ግን ቴርሞሜትር ይኑርዎ፣ በግምት አይሆንም። ጠርሙሱ አስቀድሞ በሙቅ ውሃ የሞቀ ይሁን፤ አለዚያ ይሰነጠቃል። ክዳኑንም ከመዝጋትዎ በፊት ለጥቂት ደቂቃ በሙቅ ውሃ ውስጥ ያቆዩት፣ ቀለበቱ እንዲለሰልስ። ድልህ ወፍራም ስለሆነ በውስጡ የታፈነ አየር አይጠፋምና በንጹሕ ቀጭን ማንኪያ ጎኑን እያስኬዱ ያስወጡት። ከላይ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ባዶ ቦታ ይተዉ፤ ከንፈሩን ጠርገው ይዝጉ፤ የክዳኑም የውስጥ ክፍል ሙቀቱን እንዲያገኝ ለሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ገልብጠው መልሰው ያቁሙት። ከላይ ባለው ባዶ ቦታ የነበረው እንፋሎት ሲቀዘቅዝ ወደ ውሃ ይለወጣል፣ ግፊቱም ይወርዳል፤ የውጭው አየር ክዳኑን በከንፈሩ ላይ ይጫነዋል። እንዲህ የታሸገ ጠርሙስ ደሴ ሲደርስ የውጭው ግፊት ቢቀንስም፣ የውስጡ ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ስለሆነ ክዳኑ ወደ ውስጥ እንደ ተሳበ ይቆያል። በማግሥቱ የክዳኑ መካከል ዝቅ ብሎ፣ በጣት ሲጫኑትም የማይነቃነቅ መሆን አለበት። ጠርሙሱ ከቀዘቀዘ በኋላ ክዳኑን እንደገና ለማጥበቅ አይሞክሩ፤ የተያያዘውን ቀለበት ከከንፈሩ ያላቅቁታል።

የትኛው ጠርሙስ እንደሚያፈስ ለመለየት ወደ ደሴ መላክ አያስፈልግም። ባዶውን ጠርሙስ በክፍል ሙቀት ዘግተው 60 ዲግሪ በሆነ ውሃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ያስምጡት። የውስጡ አየር ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ ግፊቱ በ11 ኪሎፓስካል ገደማ ይጨምራል፤ ይህ ከሐረጎ ዳገት የበለጠ ፈተና ነው። አረፋ ከወጣ የወጣበትን ቦታ በጠርሙሱም በክዳኑም ላይ በማርከር ምልክት ያድርጉበት። ከዚያ ክዳኑን ከፍተው፣ ምልክቱ ሌላ ጥርስ ላይ እንዲውል አዙረው ይዝጉትና ጠርሙሱ ከቀዘቀዘ በኋላ ይድገሙት። አረፋው ከክዳኑ ምልክት ጋር ከዞረ ጥፋቱ የክዳኑ ነው፤ በጠርሙሱ ምልክት ላይ ከቀረ ደግሞ ከንፈሩ ተጎድቷል። ይህን መንገድ ከማንኛውም መሣሪያ በላይ እወደዋለሁ፤ ጠርሙስ ያለ ጥፋቱ ከመጣል፣ ክዳንም በከንቱ ከመቀየር ያድናልና።

በጠባብ ጠርሙስ የሚያሽጉ ሌሎች ሰዎችም ስለ ቆርኪ አንሥተው ነበር። ቆርኪ 21 ጥርሶች ያሉት ሆኖ፣ የሚያሽገው በውስጡ ያለው ልባስ ነው፤ የእጅ መምቻው ጥርሶቹን በእኩል ካላጠፋቸው ጋዝ ያመልጣል። ያገለገለ ቆርኪ ቀጥቅጦ መመለስ ፈጽሞ አይሠራም። በሰም መንከርም ለቡሽ ጥሩ ነው፤ በቆርቆሮ ክዳን ላይ ግን በመንገድ ላይ ይሰነጠቃል።

አንድ ምልክት ግን ከክዳን ጋር አያምታቱት። ሲከፍቱት ጋዝ የሚተፋ ወይም አረፋ ያለው ድልህ፣ እንዲሁም እርጥበቱ የበዛ ማር፣ ውስጡ እየቦካ ነው። ማኅተሙ ጥሩ ቢሆንም የሚፈጠረው ጋዝ ክዳኑን ይገፋዋል፤ መስተካከል ያለበት አሠራሩ ነው።

በመጨረሻ የማነሣው ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ነው። ድልህዎ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት አለበት፤ አየር ሙሉ በሙሉ ሲዘጋበት ሻጋታ ይቆማል፣ ነገር ግን ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣ መርዝ የሚያወጣው ባክቴሪያ አየር በሌለበት ነው የሚያድገው። የባክቴሪያውን ዘር (ስፖር የሚባለውን) የውሃ መፍያ ሙቀት አይገድለውም፤ 121 ዲግሪ የሚደርስ የግፊት ድስት ይፈልጋል። በ1985 እ.ኤ.አ. በካናዳ ቫንኩቨር ከተማ፣ በዘይት ተይዞ ያለ ማቀዝቀዣ የተቀመጠ ነጭ ሽንኩርት 36 ሰዎችን ለዚህ በሽታ ዳርጓል። ምግቡ በጠረንም በጣዕምም ላይለወጥ ይችላል። ባክቴሪያው ፒኤች (የኮምጣጣነት ልክ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ኮምጣጣነቱ ይበዛል) 4.6 እና ከዚያ በታች በሆነ ምግብ ውስጥ ስለማያድግ፣ ለድልህዎ አቼቶ ወይም የሎሚ ጭማቂ ጨምረው፣ በሚገባ ከተዋሐደ በኋላ በፒኤች መለኪያ እየለኩ ወደዚያ ያውርዱት። መለኪያ ከሌለዎት በከተማዎ ያለውን የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ይጠይቁ። ይህ እስኪረጋገጥ ድረስ ድልሁን በማቀዝቀዣ ብቻ እንዲያስቀምጡት ለሱቆቹ ይንገሩ፤ ክዳኑ ያበጠ ጠርሙስ ካገኙም ሳይቀምሱ ያስወግዱት።