ዙሪያውን የሚታይ የትምህርት ሥዕል ለምን ይጎብጣል?

ጥያቄ፦ ለኦንላይን ትምህርት የቤተ ሙከራ ክፍልን በ360 ዲግሪ ሣልሁ። ተማሪዎች ዕቃዎቹን ሲነኩ ማብራሪያ ይከፈታል። ነገር ግን የጠረጴዛዎቹና የጣሪያው ጠርዞች ጎብጠው፣ በአንድ በኩልም እንደ ስፌት ያለ መስመር ወጥቶ ይታያል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ችግሩ ከሥዕል ችሎታዎ የመጣ አይደለም። ኮምፒውተሩ ሥዕሉን በሉል ውስጠኛ ገጽ ላይ ስለሚለጥፈው፣ ከዓይን ከፍታ በላይ ወይም በታች ያለ አግድም ጠርዝ ለተመልካቹ ቀጥ ብሎ እንዲታይ በሸራው ላይ ጎብጦ መሣል አለበት። ስለዚህ የሸራውን ስፋት የቁመቱ እጥፍ አድርገው፣ ለምሳሌ 8192 በ4096 ፒክስል፣ ለዚሁ የተዘጋጀ የጎበጡ መስመሮች መረብ ከሥር አንጥፈው ይሣሉ። ተማሪው በአንድ ጊዜ 90 ዲግሪ ያህል ቢያይ ከዚህ ስፋት የሚደርሰው 2048 ፒክስል ብቻ በመሆኑ፣ ከዚህ ያነሰ ሸራ አልመክርም።

ስፌቱን ለማጥፋት ሥዕሉን በስፋቱ ግማሽ ወደ ጎን ያንሸራትቱት፤ ሁለቱ ዳርቻዎች መሃል ላይ ሲገናኙ መጋጠሚያውን አስተካክለው ይመልሱት። የሸራው የላይኛውና የታችኛው ዳር እያንዳንዳቸው ወደ አንዲት ነጥብ ስለሚጨመቁ፣ እዚያ ዝርዝር ነገር አይሣሉ።

ጽሑፍን በሥዕሉ ውስጥ መሣል፣ በእኔ እምነት፣ ከሁሉ የከፋው ስህተት ነው፤ ይደበዝዛል፣ ለማረምም ያስቸግራል፣ ማየት ለተሳነው ተማሪም በድምፅ አይነበብለትም። ማብራሪያዎቹን ከሥዕሉ በላይ በተለየ ንብርብር ያስቀምጧቸው፤ የሚነኩትንም ቦታዎች በዓይን ከፍታ አካባቢ ያድርጓቸው።